ሞት ተብለው የተቆረጡ ዛፎች

ባለፈው በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ አንድ ጎረምሳ ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ፣ «የከሚሴውን አስተርጓሚ ጨዋታ ላጫውታችሁ» ብሎ ተነሣ። አውቀዋለሁ ጨዋታውን። ኦሮምኛ እችላለሁ ባይ ወታደር፣ ባላገሩ «የዱአ ዛፍ» ያለውን «የሞት ዛፍ» ብሎ ተረጎመ፤ አለቃውም ሞትን ከነሥሩ ልንቀል ብሎ ዛፉን አስገነደሰ፤ እብድ ሚስቱ ደግሞ ግንዱን አቅፋ አልለቅም አለች። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «ኧረ ይሳቁ እንጂ እማማ! ምን ነካዎት?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልሳቅ? እብዷ ሚስት እኔ ነኝ።

እዚያ ተነሥቼ ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ፤ የሰው ሠርግም አላበላሽም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ሳቅ ከመጣላችሁ ሳቁ፣ አልከለክልም።

ጊዜው በጃንሆይ ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ገና በአፍላነቴ ተሰማ ለሚባል የመንገድ ሥራ ካቦ ተዳርኩና ከሚሴ ወረድኩ። ካቦ ያኔ ትልቅ ስም ነው፤ ያንን ሁሉ ጉልበተኛ በአንድ ፉጨት የሚያስነሣና የሚያስቀምጥ የሠራተኛ አለቃ ማለት ነው። ተሰማ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ እንዳትታዘቡኝ። የማይጠጣ፣ እጁን የማያነሣ፣ ከሥራ ሲመለስ ከሩቅ ጀምሮ «አስካሌ! አስካሌ!» እያለ የሚጠራኝ ሰው ነበር። አንድ አመል ግን አለበት፤ ሰው ፊት የተናገረውን አይመልስም። «ካቦ ቃሉን ካጠፈ ነገ ማን አካፋ ያነሣለታል?» ይላል።

ካምፑ ከከተማው ወጣ ብሎ የጨፋን ሜዳ ቁልቁል እያየ የሰፈረ ነው። ቆርቆሮ በቆርቆሮ። ካምፑ ሲሠራ በቦታው የነበረውን ቁጥቋጦ ሁሉ ጠራርገውታልና ደጅ ቢወጡ ጥላ የሚባል የለም፤ ቤት ቢገቡ ከረፋዱ ጀምሮ ያፍናል። ለመንዝ ሰው ያ ሙቀት ቅጣት ነው። እኔ ግን ግድ አልነበረኝም፤ ልጅ ወልጄ ነበርና ዓለሜ እሷ ነበረች። ትርንጎ አልኳት። ድክ ድክ ማለት እንደጀመረች ወባ ያዛት። ሳምንት እንኳ ሳትታመም ቀበርኳት።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ልንገራችሁ ብልም ቃል አይበቃኝም። ሰው አልቅሶ ይወጣለታል፤ እኔ እንባ እምቢ አለኝ። እህል አፌ ሲደርስ ያቅለሸልሸኛል። እንቅልፍ ከነጭራሹ ጠፋ። ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ውዬ አድራለሁ። ጠበል ወሰዱኝ፣ መርፌ አስወጉኝ፣ ክታብ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ሁሉም አደከመኝ እንጂ የረባኝ የለም። አንድ ቀን ተሰማ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ «ኧረ ምን ልሁንልሽ አስካሌ?» ቢለኝ፣ «ምንም። ልጄን ተከትዬ ብሄድ ነው የምወደው» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ሁሉ ሊወድቅ ያለ ብርጭቆ የሚያይ ይመስል ነበር።

ወተት የምታመጣልን እትዬ ዘይነባ የምትባል የጨፋ ሴት ነበረች። ኦሮምኛውንና አማርኛውን በአንድ ትንፋሽ ነው የምትቀላቅለው። ጧት ጧት የወተት ጮጮዋን ተሸክማ ትመጣና፣ «አፊያ ነሽ ወይ ልጄ?» ትለኛለች። እኔ ዝም። በነጋታውም «አፊያ ነሽ ወይ?» እኔ ዝም። አንድ ሐሙስ ጮጮዋን ደጃፌ ላይ ዱብ አደረገችና እጄን ጨበጠችው።

«ኮቱ» አለችኝ። ነይ ማለቷ ነው።

«ወዴት?»

«ኮቱ ብዬሻለሁ እኮ! እዚህ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ወላሂ ጤነኛውም ያብዳል!»

እየጎተተች ወደ ተራራው ግርጌ ወሰደችኝ። እዚያ አንድ ዋርካ አለ። አለ እላለሁ ዛሬም፤ ምላሴ አልለመደም። ቅርንጫፉ ብቻውን የሌላ ዛፍ ግንድ ያህላል። ዙሪያውን ዋንዛና ሾላ ከቦታል፤ ከሥሩ ቀጭን ምንጭ ይወርዳል። ከዚያ እሳት ከመሰለ ፀሐይ ወጥቼ ጥላው ውስጥ ስገባ ገላዬ ሁሉ «እፎይ» አለ። ሴቶች ተቀምጠው ዱአ ያደርጋሉ። ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ተሰብስበው ዝናብ ሲጠፋ ለዝናብ፣ ልጅ ሲታመም ለልጅ፣ መንገደኛ ሲዘገይ ለመንገደኛ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን ይላሉ። እኔ ደነገጥኩ።

«እትዬ ዘይነባ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ» አልኳት፣ ማተቤን እየነካሁ።

«ጥላው ማተብ አይጠይቅም። ታኢ! ተቀመጪ። እግርሽን ዘርጊ። ጀርባሽን ለግንዱ ስጪው። አትናገሪ፣ ማንም አይጠይቅሽም።»

ተቀመጥኩ። ግንዱ ቀዝቃዛ ነው። ላይ ጦጣዎች ይጣላሉ። የበሰለ ፍሬ ጧ ብሎ ይወድቃል። ሴቶቹ ዱአቸውን ጨርሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፤ የሚሉትን ስለማልሰማ ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ሲለኝ ከርሞ ዝም የሚለኝ ቦታ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የማውቀው የለም። ስነቃ ፀሐዩ ዞሯል፤ የእትዬ ዘይነባ ሻሽ ፊቴ ላይ ተጥሏል፤ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ዝንብ ታባርርልኛለች።

«ተኛሽ!» አለችኝ፣ ወንድ ልጅ ተወለደ የምትል ይመስል። «ማሻአላህ፣ ተኛሽ!»

ያኔ አለቀስኩ። ለትርንጎ ያነባሁት የመጀመሪያው እንባ ያ ነው።

በነጋታው ብቻዬን ሄድኩ። በሦስተኛውም ቀን። ምን ሰጡሽ፣ ምን ቀቡሽ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ተቀምጬ መምጣት ነው። አንድ ቀን ሾላው ሥር የወደቀ ፍሬ አነሣሁና ጉንዳኑን እፍ ብዬ ጎረስኩት፤ ጣፈጠኝ። እንደ ልጅ እየለቀምኩ ጠግቤ ተነሣሁ። ከትርንጎ ቀብር ወዲህ ተርቤ የበላሁት እሱን ነው። እትዬ ዘይነባ ጧት መጥታ «አፊያ ነሽ ወይ?» ስትለኝ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ መለስኩላትና ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን፤ የመንዝ ክርስቲያን አልሐምዱሊላህ ስትል!

ተሰማ ይህን ሁሉ ያያል፤ ይገርመዋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «የት እየዋልሽ ነው እንዲህ?» አለኝ።

«ሙከ ዱአ!» አልኩት፣ ሴቶቹ እንደሚጠሩት አድርጌ። «ኦሮምኛ ተማርኩ እኮ፣ አልሰሙም?»

«ምን ሠርተሽ ትመጫለሽ?»

«አርፋለሁ። እዚያ ነው የማርፈው። አንዳንዴስ እዚያው በቀረሁ ያሰኘኛል» አልኩት፣ ወጡን እያጠቀስኩ።

አያችሁልኝ? እኔ ዕረፍት አልኩ፤ እሱ የሰማው ሌላ ዕረፍት ነው። ልጄን ተከትዬ ብሄድ ያልኩት ቃል ከጆሮው አልወጣም ነበርና። ሙከ ዛፍ ነው፣ ዱአ የሚያደርጉት ጸሎት ነው፤ ይህን ያህልስ አውቅ ነበር። ግን ማን ጠየቀኝ? እኔ ገበታው ላይ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ፣ እሱ ተነሥቶ ሄዶ አስር አለቃ ጉተማን ጠየቀ።

አስር አለቃ ጉተማ የካምፑ ዘበኞች አለቃ ነው። የወለጋ ልጅ፣ ከመጣ ብዙም ያልቆየ፣ ጨዋ ሰው። ኋላ ራሱ እያለቀሰ እንደነገረኝ፣ ተሰማ «ሙከ ዱአ በኦሮምኛ ምን ማለት ነው?» ሲለው ሳያመነታ፣ «ሙከ ዛፍ ነው፣ ዱአ ሞት ነው። የሞት ዛፍ» አለው። አልዋሸም። በእናቱ ኦሮምኛ ዱአ ሞት ነው። ከዓረብ የመጣው የእስላሙ ዱአ ኦሮምኛው ውስጥ ገብቶ መኖሩን እሱ ከየት ይወቀው? ወለጋ እነሱ ቤት በዚያ ቃል ማንም ጸልዮ አያውቅም። ዱአ ጸሎት መሆኑን የከሚሴ ሕፃን ሁሉ ያውቃል ትላላችሁ፤ እውነት ነው፤ ካምፑ ግን ከከሚሴ ሰው ጋር አልኖረማ! ወተት ይገዛል፣ ቀን ሠራተኛ ይቀጥራል፣ በቃ።

ረቡዕ ዕለት ከሜዳ ስመለስ ከቤቴ ገመድ የሚባል ጠፍቷል። የልብስ ማስጫው የለም፣ የእንጨት ማሰሪያው የለም፣ የውሃ መጎተቻው የለም። የሽንኩርት ቢላዬ እንኳ የለችም። «ሌባ ገባ እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው ተሰማ፣ «ለሥራ ፈልጌው ነው» አለኝ። ለመንገድ ሥራ የሽንኩርት ቢላ! ገረመኝና ተውኩት።

ሐሙስ ጧት ሲወጣ፣ «ዛሬ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ» አለኝ።

«ምነው?»

«እንግዳ ይመጣል።»

ውሸት አያውቅበትም፤ መሬት መሬቱን እያየ ነው የተናገረው። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘይነባ ወተቷን ይዛ ሳትመጣ ረፈደ፤ ይህ ደግሞ ሆኖ አያውቅም። ልቤ ጠረጠረ። ቆይቶ ዶዘሩ ሲያጓራ ሰማሁ። ለካምፕ ሴት የዶዘር ጩኸት ብርቅ አይደለም፤ ነገር ግን መንገዱ የሚሠራው በከተማው በኩል ሆኖ ሳለ ድምፁ የሚመጣው ከተራራው ግርጌ ነው። ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። አቧራ ይነሣል። ከአቧራው በላይ ወፍ ማረፊያ አጥቶ ይራወጣል።

ነጠላ እንኳ ሳልደርብ ሮጥኩ።

ስደርስ ዋንዛዎቹ ተገፍትረው ሥራቸው ወደ ሰማይ አንጋጧል። ፍሬዋን የበላሁላት ሾላ ተጋድማ ነጭ ወተቷ ከቁስሏ ይንጠባጠባል። ሴቶቹ ዳር ቆመው ደረታቸውን ይመታሉ። የአገሩ ልጆች የሆኑት ቀን ሠራተኞች ዶማቸውን ጥለው መሬት ተቀምጠዋል፤ ይህን ቦታ አንነካም፣ የነካው አይበረክትለትም ብለው። ጉድ የሚባለው ደግሞ ይሄ ነው፤ ተሰማ የእነሱን እምቢታ ሲሰማ ጭራሽ አመነ። «አያችሁ? እነሱም ሞቱን ፈርተው ነው!» አለ። ከሌላ አገር የመጡትን ይዞ ቀጠለ። ዋርካው ብቻ ገና ቆሟል። ሥሩን በመጥረቢያ እየቆረጡለት፣ ዶዘሩ እያጓራ ይጠብቃል።

ተሰማ ሲያየኝ፣ «ማን ለቀቃት!» ብሎ ጮኸ፣ ከብት ያመለጠው ይመስል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት። እስከዚያ ቀን ባሌን አንቱ ነበር የምለው።

«አንቺን እያዳንኩ ነው!»

«ከምን?»

«ከሞት ነዋ! ሁሉን አውቄአለሁ፣ አስካሌ። የቦታውን ስም አውቄአለሁ። ሙከ ዱአ፣ የሞት ዛፍ! ልጄን ተከትዬ ልሂድ ስትዪ፣ እዚያ ነው የማርፈው ስትዪ አልገባኝም ነበር። እነዚህ ሴቶች ለሞት ሊያጩሽ ነው እዚህ የሚያስቀምጡሽ!»

እትዬ ዘይነባ ራሷን ይዛ ጮኸች። «ያ ረቢ! ምን አልክ አንተ ሰው? ዱአ እኮ ነው! ዱአ!»

«እኮ! ዱአ ማለት ሞት ነው!» አለ አስር አለቃ ጉተማ ከወዲያ። «እናቴ በኦሮምኛ ነው ያሳደገችኝ፣ ለእኔ ኦሮምኛ ትነግሪኛለሽ?»

«የት ነው ያሳደገችህ?»

«ወለጋ ነዋ!»

በዚህ መሐል ሼህ ይመር ደረሱ። የቦታው አባት ናቸው፤ ዱአውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሰው ሮጦ ጠርቷቸው፣ በምርኩዝ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነው የዘገዩት። የወደቁትን ዛፎች አንድ በአንድ አዩ። አልጮሁም። ወደ አስር አለቃው ቀርበው በኦሮምኛ አንድ ሁለት ነገር ተነጋገሩና ወደ ተሰማ ዞሩ።

«አልዋሸህም ልጁ» አሉ። «እኛም የሞተ ሰው ሲኖር እንደዚያው ነው የምንለው። ይሄኛው ግን የሞት አይደለም፣ ልጄ። ይሄኛው እንዲህ ነው።» ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ይኸው ነው ዱአ። እናንተ ጸሎት የምትሉት። ሚስትህ እዚህ ስትመጣ የዘረጋነው ለእሷ ነበር።»

አስር አለቃ ጉተማ ቆቡን አወለቀ። «ካቦ» አለ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አገሩን ሳላውቅ ተረጎምኩ። ይተዉት፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ።»

«ይኸው፣ አውፍ፣ ይቅር ብለንሃል» አለች እትዬ ዘይነባ፣ እንባዋን እየጠረገች። «የወደቀው ወደቀ፣ ሌላው ይበቅላል። ዋርካው ካለልን ይበቃናል።»

ተሰማ ዋርካውን አየ። እኔን አየኝ። ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው፤ እጁ ወደዚያ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ቢነፋው ሥራ ቆመ ማለት ነው። ያቺን ቅጽበት ዛሬም ሳስባት ያመኛል፣ ምክንያቱም ሊያቆመው ነበር። በማርያም፣ ሊያቆመው ነበር።

ያን ጊዜ የዶዘሩ ነጂ ከላይ ሆኖ፣ «ታዲያ ስናፈርስ የዋልነው ጸሎት ቤት ነው በሉኛ!» አለ። ከኋላ አንዱ ተቀብሎ፣ «ካቦ፣ ኦሮምኛ ትምህርት ቤት ይግቡ!» አለ። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ አውካካ።

የተሰማ እጅ ከፊሽካው ተመለሰ። ፊቱ ደም መሰለ።

«የዋርካው ሥር ወደ መንገዱ ይመጣል» አለ። «ለመንገዱ አስጊ ነው። ቀጥሉ!»

መንገዱ እኮ ከዚያ የትና የት ነው! ሥሩ ቀርቶ የዋርካው ጥላ እንኳ አይደርስበትም። ሁሉም ያውቃል። እሱም ያውቃል። ሮጬ ግንዱ ላይ ተለጠፍኩ።

«አንተ!» አልኩት። «አንተ ተሰማ! ጧት አላወቅህም፣ ይሁን። አሁን ግን አውቀሃል! አውቀህ ነው የምትቆርጠው!»

«አሟታል» አለ፣ ለሠራተኞቹ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። «አንሡልኝ።»

ሁለት ጎረምሶች ክንዴን ያዙ። የአንዱን እጅ ነከስኩት፤ ነክሼም ደም አውጥቼአለሁ፤ አልጸጸትም። እየጎተቱ አወጡኝ። ዶዘሩ ገፋ። ዋርካው መጀመሪያ አልነቃነቅ አለ። ደግሞ ገፋ። ከመሬት ውስጥ ሥር ሲበጠስ ይሰማል፤ ቶሎ አላለቀም፤ ቀስ እያለ፣ አንዱ ከሌላው በኋላ። ከዚያ ዘንበል ብሎ ወደቀ። ጦጣዎቹ ገደሉን ሽቅብ ሲሸሹ ልጅ እንደጠፋባት እናት ይጮኻሉ። ፀሐይ አይቶ የማያውቀው መሬት ላይ ፀሐይ ተሰጣ።

ሠራተኛው መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ሴቶቹ ግን አልሄዱም። ሐሙስ ነው እኮ። ግንዶቹ መካከል፣ በዚያ ቀትር፣ አቧራው ላይ ተቀመጡና መዳፋቸውን ዘረጉ። እኔ ሼህ ይመር እግር ላይ ወደቅሁ።

«ይርገሙልኝ» አልኳቸው። «ባሌን ይርገሙልኝ። እርስዎ የረገሙት አይበቅልም ይላሉ። ይርገሙት!»

እጄን ይዘው አነሡኝ። «ልጄ፣ ዛሬ እዚህ ቆሜ ሰው ብረግም አስተርጓሚው ልክ ነበር ማለት ነው» አሉኝ። «አልረግምም።» ሄደውም ከሴቶቹ ፊት ተቀምጠው ለተሰማ ልቦና ለመኑ። ሴቶቹ አሚን አሉ። እትዬ ዘይነባ ሳይቀር አሚን አለች። እኔ አላልኩም።

ቤቴ ገብቼ ያን ቀን የሠራሁትን ልንገራችሁ። እራት ሠራሁ፣ በላሁ፣ ድስቱን በግድግዳው ላይ ወረወርኩት፣ ተሰማን የአፌን ያህል ሰደብኩት፣ ከዚያም ጥርግ አድርጌ ተኛሁ። በነጋታውም በላሁ። ንዴት እንዲህ ያስርባል ብዬ አላውቅም ነበር። ገበያ ወጣሁ፣ ከነጋዴ ተጨቃጨቅሁ፣ የጎረቤት በር አንኳኳሁ። ያ ግድግዳ ሳይ የምውልበት ሐዘን ለቀቀኝ፤ በቦታው ቂም ገባ፤ ቂም ደግሞ እግር አለው፣ ያስኬዳል።

ካምፑ ምን አለ መሰላችሁ?

«ዳነች!» አለ። «ዛፉ ተቆረጠ፣ ሴትዮዋ ዳነች! እውነትም የሞት ዛፍ ኖሯል!»

በእመብርሃን! ከሳቁት ሰዎች አንድም የቀረ የለም፤ ሁሉም «ካቦ ያውቃል» ማለት ጀመረ። ተሰማ መጀመሪያ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ቀና አለ። አስር አለቃ ጉተማ ብቻ «ኧረ ውሸት ነው» ቢል ማን ሰምቶት፤ ማዘዋወሪያ ጠይቆ ሄደ። እኔም ተናግሬአለሁ። «ያዳነኝ ዛፉ ነው፣ ከመቆረጡ በፊት ድኜ ነበር» እላለሁ። እነሱም እርስ በርስ ተያይተው፣ «አይ፣ አሁንም ትንሽ ትንሽ አለባት» ይላሉ። ደህና በበላሁ ቁጥር፣ ጉንጬ በሞላ ቁጥር፣ በእነዚያ ዛፎች ላይ የምመሰክር እኔው ሆንኩ። ልታመምላቸው ሞከርኩ። አልሆነም።

ከተሰማ ጋር ልጆች ወልጄ፣ አብሬው አርጅቼ ቀበርኩት። ታዲያ አንቺ ቂመኛ ነሽ ትሉኛላችሁ፤ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አስቤ የደረስኩበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሰው በስህተት ያጠፋው ይረሳል፣ ስህተቱን ካወቀ በኋላ የጨረሰው ግን አይረሳም። ዋንዛዎቹን ለጉተማ ኦሮምኛ ይቅር ብያለሁ። ዋርካውን አላልኩም። እናንተም የታመመ ሰው ቤታችሁ ቢኖርና ዕረፍት የሚያገኝበት ጥላ ቢያገኝ፣ ስለ ጥላው ማንንም ከመጠየቃችሁ በፊት እሱን ጠይቁት። አጠገባችሁ ነው ያለው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሠርግ ላይ የሚያወሩት ጨዋታ ዛፉ ሲወድቅ ነው የሚያበቃው። የእኔ እዚያ አላበቃም። በዚያው ዓመት ከባቲ መንገድ አንድ ደህና ነጋዴ ሚስቱን በበቅሎ ጭኖ ቤታችን መጣ። ሰውየው መልካም ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ የሚስቱ ሕመም ይታያል። ሁለት ሕፃናት በላይ በላይ ሞተውባታል አሉ። «ካቦ፣ ያችን ከሞት ያተረፍካትን ላሳያትና ተስፋ ይሁናት ብዬ ነው» አለው። ተሰማ ደስ ብሎት ከሰውየው ጋር ደጅ ሲያወጋ፣ እኔና እሷ ጓዳ ቀረን። ግድግዳዬን እያየች ተቀምጣለች። ያንን አተያይ አውቀዋለሁ።

ጠጋ አልኳት። ውጭ እንዳይሰሙን ቀስ ብዬ፣ «የሚሉሽን አትስሚ፣ እኅቴ» አልኳት። «እኔን ስሚኝ። አገርሽ ላይ የምትቀመጪበት አንድ ጥላ የለሽም? የምታርፊበት ዛፍ?»

ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ከመጣች ወዲህ ስትናገር የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

«ሾላ ነበረችኝ» አለች። «ባሌ ያንቺን ወሬ ሰምቶ ትናንት አስቆረጣት።»